ስለ ኡምብሪያም ጻፉልን

ሰላም ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቀይ ባሕር ስትጽፉ ወሬው ሁሌ ወደብ ነው። እስቲ ከውሃው በታች ስላለውም ጻፉልን። ፖርት ሱዳን አጠገብ ዊንጌት በሚባለው ሪፍ (ከውሃ በታች ያለ የኮራል አለት) ላይ ኡምብሪያ የተባለች የጣሊያን መርከብ በጎኗ ተኝታለች። የአሁኑ የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ወርጄ አይቻታለሁ። ጀልባ የሚንጠለጠልባቸው ብረቶቿ ከውሃው በላይ ብቅ ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ የአየር ሲሊንደር ባይኖርህ እንኳ በመነጽር ብቻ ታያታለህ። ውሃው ሞቃት ነው፣ ብረቱን ኮራል ሸፍኖታል፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፊያት መኪኖች ጎማቸው ሳይወልቅ ተደርድረዋል።

ሌላው ጭነቷ ግን ቦምብ ነው፣ ከ300 ሺህ በላይ! ወደ ምጽዋ ስትጓዝ እንግሊዞች አስቁመው ይፈትሿት ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙየሳን ጭነቱ እንግሊዞች እጅ እንዳይገባ ብሎ ራሱ አሰመጣት። ያኔ አርበኞቻችን ጎጃምና ሸዋ ውስጥ እየተዋጉ ነበር። ያ ሁሉ ቦምብ ምጽዋ ቢደርስ በማን ላይ ይዘንብ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ ይህች መርከብ የጠላቂ ቱሪስቶች መዝናኛ ብቻ አይደለችም፣ የእኛም ታሪክ አለባት። ቦምቦቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ሰላም ወርዶ የሚሄድ ሰው ካለ እባካችሁ ምንም ነገር አይንካ፣ ለማስታወሻ ብሎም ቁራጭ አያንሳ። እናንተም የታሪክ ምሁራንን ጠይቃችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡልን።