ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ አንቀጽ የሚያጽፍ ጥያቄ ይኑር

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ስላነበቡት ጽሑፍና ታሪክ የራሳቸውን ሐሳብ እንዲጽፉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ከዓመታት በፊት በአንድ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ የአንበሳውን ጸጉር ተረት አስነበብሁ። የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለ ሴት አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች፤ እርሱም «የአንበሳ ጸጉር አምጪልኝ» ይላታል። በየቀኑ ሥጋ እየጣለች፣ ጥቂት በጥቂት እየቀረበች አንበሳውን ታለምደውና ጸጉሩን ነቅላ ትወስዳለች። ሽማግሌው ጸጉሩን እሳት ውስጥ ጥሎ «ልጁንም እንዲሁ ቅረቢው» ብሎ ያሰናብታታል። አንብበን ስንጨርስ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሽማግሌው ልጁን ለምን አላነጋገረውም?»

ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። «የተረቱ መልእክት ትዕግሥት ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ» አልሁ። ጻፉ። እርሷም ጻፈች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ግን እጇን ስታወጣ አላየኋትም። ከእንጀራ እናቷ ጋር የምትኖር ልጅ መሆኗን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላሳብብም። ያስቸኮለኝን ግን መናገር አለብኝ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና «የተረቱ መልእክት ምንድን ነው?» ብሎ አራት ፊደል ይደረድራል፤ የልጅቷ ጥያቄ ከአራቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ፈተናው የማይጠይቀውን ነገር ስድሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የሚያስተምር መምህር ጥቂት ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ አወራ። እኔ ያሰብሁት ስለ ሰባተኛ ክፍል ነበር። ልጁ «አንተ ምን ታስባለህ? ከየትኛው ቃል ተነሥተህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ አድጎ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በድንገት አሳቢ ሊሆን አይችልም።

በታሪክ ትምህርት በኩል የምናባክነው ሀብት ይበልጥ ያንገበግበኛል። የውጫሌን ውል ውሰዱ። ልጆቻችን ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እንደተፈረመ፣ አንቀጽ 17 አጣልቶ ወደ ዓድዋ እንዳደረሰን ያውቃሉ፤ ክፍት ቦታ ሙላ ሲባሉም ይሞላሉ። የአንቀጹን ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስነበባቸው ግን ማን ነው? የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ እንደተስማሙ አድርጎ ጽፎታል፤ ሮማም ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ግሥ ላይ ነው! የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን መለየት ይችላል። ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ «አንተ ብትሆን የትኛውን ትፈርማለህ? ለምን?» ስል ክፍሉ በአንድ አፍ ጮኸ። አንዱ «ፈራሚው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አብሮት አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

ታሪካችን ክርክር የበዛበት በመሆኑ ብዙ መምህራን ጥያቄ እንዳይነሣ እንደሚፈሩ አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን ልጁ ክፍል ውስጥ ያልጠየቀውን ስልኩ ላይ ያገኘዋል፤ እዚያ ደግሞ «ይህን ማን ጻፈው? መቼ? ምን ፈልጎ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያሠለጥነው የለም።

ይህ ዓይነቱ ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ ሁለት ስንኝ ብቻ ካለው አጭር ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ደርሶ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን ያልፈለገ ተማሪ ገና ቅኔ አልገባውም ይባላል። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ገና ከጅምሩ የሚጠየቀውን፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንድ አንቀጽ እንኳ አይጠይቅም።

የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች እንደሚያዘጋጁ ይገባኛል፤ ማዕቀፉን ግን እናንተ ታወጣላችሁ። ስለዚህ በቋንቋና በማኅበራዊ ሳይንስ ፈተናዎች ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ የሚመለስ ይሁን፦ አጭር ምንባብ ወይም የታሪክ ሰነድ ይሰጥና ተማሪው የተሰማውንና ያሰበውን፣ ወደዚያ ሐሳብ ያደረሰውንም ቃል ጠቅሶ በአምስት መስመር ይጻፍ። ነጥቡ የሚሰጠው ከመምህሩ ሐሳብ ጋር በመስማማቱ ሳይሆን ማስረጃውን ከምንባቡ በማውጣቱ ይሁን። እርማቱ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ በአንድ ጥያቄ እንጀምር ያልሁትም ለዚህ ነው።

በአንዳንድ አካባቢ ማኅበራዊ ሳይንስ በዚህ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። እዚያ ያለው ልጅ ይህን አንዱን መልስ በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፈው፤ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም ይሁን። አለበለዚያ የምንለካው እንግሊዝኛውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም።

ለመምህራን ደግሞ እንደ ውጫሌው ያሉ የታሪክ ሰነዶችን፣ ደብዳቤዎችንና የየአካባቢውን ተረቶች የያዘ ቀጭን መድበል ይድረሰን። ለሰባ ተማሪ አንድ ቅጂም ቢሆን ይበቃል፤ ሰሌዳው ላይ እንገለብጠዋለን። የመምህሩ መምሪያም የልጆችን ጥያቄ የምናስተናግድበት ጊዜ በግልጽ ይመድብልን፤ በሱፐርቫይዘር ሲጠየቅ «ምዕራፉን ለምን አልጨረስህም?» የሚባል መምህር የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው።

በዚህ ዓመትም ያንን ተረት አስተምራለሁ። አሁን የልጅቷን ጥያቄ ለክፍሉ ያነሣሁት እኔው ነኝ፤ ከተማሪዎቼም የመጀመሪያው መልስ ደርሶኛል፦ «ሽማግሌው ልጁን ያላነጋገረው ልጅ ስለሆነ ነው» ይላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመካከለኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር