«ጆሮዬ ውስጥ ይመታል» ስንላችሁ የልባችንን ምት ያዙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የልጆች እናት ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሰሞኑን ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ልጅ «ጆሮዬ ውስጥ ልቤ ይመታል፣ ጠብታ ሰጥተው መለሱኝ» አለችኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ያለፍኩበት ነው።

ትንሿን ልጄን ወልጄ ውፍረት ከጨመርኩ በኋላ ቀኝ ጆሮዬ ድው ድው ይል ጀመር። ቀን ሲንጀሩ ይሸፍነዋል። ሌሊት ጋደም ስል ግን ይብሳል፤ እዚህ ከከተማው ዳር ደግሞ ማታ መኪና እንኳ የለም። የእጄን ደም ሥር ይዤ ሳዳምጥ እኩል ይመታሉ። ፎቅ ወጥቼ ስገባ ይፈጥናል። አንገቴን በዚያው በኩል ቀስ ብዬ ጫን ሳደርገው ጸጥ ይላል፤ ስለቀው ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ካርዴ ላይ የተጻፈው «ጆሮ ይጮሃል» ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ «ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ» ተባልኩ። ራስ ምታቱ ግን አልለቅ አለኝ። ጨርቅ ለማንሳት ጎንበስ ስል ደግሞ ዓይኔ ለአፍታ ጭልም ይልብኝ ጀመር።

ኋላ ያየችኝ ወጣት ዶክተር ገና ከመቀመጤ «ከልብ ምትሽ ጋር ነው?» አለችኝ። ማዳመጫዋን አንገቴ ላይ፣ ከዚያ ከጆሮዬ ኋላ አድርጋ ትንፋሽ አስያዘችኝ። የደም ግፊቴን ለካች። የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አዘዘች፤ እነሱም እንዲህ ያለ ድምፅ ያመጣሉ። ወደ ዓይን ሐኪምም ላከችኝ። የዓይኔ ነርቭ አብጦ ተገኘ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ዕጢ የለም። ከወገቤ ውሃ ሲቀዳ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ታየ። «ሽባ ያደርግሻል» ያሉኝ ብዙ ነበሩ፤ በእግሬ ሄጄ ቤቴ ገባሁ። ዕጢ ሳይኖር የጭንቅላት ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት ይህ በሽታ በብዛት የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ወፈር ያሉ ሴቶችን ነው። ካልታከመ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን አሴታዞላማይድ የሚባል ኪኒን እየወሰድኩ ክብደት እየቀነስኩ ነው። ጣቶቼን ይነዝረኛል፤ የምወደው አምቦ ውሃ እንኳ ጣዕሙ ተለውጦብኛል። ይሁን፣ ዓይኔ ተርፏል። ድምፁም በጣም ቀንሷል።

የጤና ባለሙያዎች፣ ለሁሉም ኤምአርአይ እዘዙ አልልም። ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ግን «ከልብ ምትህ ጋር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም። ማዳመጫው አንገታችሁ ላይ ነው። መንስኤው የደም ሥር ችግርም ሊሆን ይችላልና ከጆሯችን ኋላ አድርጉት። ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከተጨመረበት ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ላኩን።

ዝግጅት ክፍሉም በጤና ዓምዳችሁ አንድ የነርቭ ሐኪም ጋብዛችሁ በሰፊው ብታስነብቡን ደስ ይለኛል። ቀሚሷን ለመውሰድ ስትመጣ ለዚያች ልጅ ጋዜጣውን እሰጣታለሁ።

አንባቢያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ