ከገና በኋላ ወደ አቡነ ዮሴፍ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ገናን ላሊበላ አክብረን ወዲያው ከምንበታተን፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ እንድንወጣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ በዝግታ እንጓዛለን፤ አሸተን ማርያምንም እንሳለማለን። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳ ዝንጀሮዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው፣ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ድምፅ ካላሰማን ጣቶቻቸው ሣሩን እየመረጡ ሲነቅሉ በቅርብ ይታያሉ፤ ይህን ልጆቻችሁ ቢያዩት እወዳለሁ።

ጅብራ ከሚባለው የደጋ ተክል መካከል አይጥ የሚያደባ ቀይ ቀበሮ ካጋጠመን ግን ማንም እንዳይጠጋው። ከአገራችን ውጭ የትም አይገኝም፣ የቀሩትም ጥቂት ናቸው። ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይቻልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃል።

ሌሊቱ ውርጭ ነውና ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ለስንቅ በሶ ይበቃናል። መሪና በቅሎ ከአካባቢው ገበሬዎች እንከራያለን። የምትመጡ እስከ ታኅሣሥ 15 አሳውቁኝ።