መብረቅ ቤት ይፈልጋል

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ከመናኸሪያው አጠገብ ያነሳነው ወንድ ውሻ እግሩ ድኗል። አሁን ደሴ፣ ጢጣ ሰፈር፣ በአንዲት አባላችን ግቢ በአደራ ተቀምጧል። ዕድሜው ወደ 10 ወር ይጠጋል። «መብረቅ» ያሉት የቤቱ ልጆች ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አርፎ አይቀመጥም። ጫማ ያኝካል፣ የተሰጣ ልብስ ያወርዳል፤ ባለፈው ሳምንት የእመቤቲቱን ነጠላ ነጥቆ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረበት። ክፋት የለበትም፣ ጉልበቱ ተርፎት ነው። ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ጥግ አንድ ሰዓት ያህል የሄደ ቀን እንደ በግ ይተኛል። ስለዚህ በሰንሰለት አስሮ በር ሊያስጠብቅ ያሰበ ሰው ባይመጣ ደስ ይለኛል፤ ታስሮ የሚውል ወጣት ውሻ ሲጮህ ያድራል፣ ውሎ አድሮም ይናከሳል።

ውሻ ቤት የማታስገቡ አትስጉ፤ ከደሴ ብርድና ዝናብ የሚከልል ደረቅ ማደሪያና የታጠረ ግቢ ይበቃዋል። ዶሮ ያላችሁ ግን ደግማችሁ አስቡበት!

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል፣ በየዓመቱ ይደገማል። ያም ሆኖ በጨዋታ መሀል ጥርሱ ከቧጠጣችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑና እዩት። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ውሰዱት። ካልተስማማችሁ መልሱልን፣ ማንም አይቀየማችሁም፤ መንገድ ላይ ብቻ እንዳትለቁት።