አልጋ ከመጨመር በፊት የሽንት ቱቦው ይውጣ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ተላላፊ በሽታዎች በሆስፒታሎች ላይ ስለሚያሳድሩት ጫና ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ወደ አልጋ ቁጥር ይዞራል። የአልጋ እጥረት እውነት ነው። ነገር ግን ከጫናው ቀላል የማይባለው ክፍል እዚያው ሆስፒታል ውስጥ የሚፈጠር ነው፤ ለሌላ ሕመም የተኛ ሰው ሕክምና ላይ ሳለ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ከተያዙት ከ10 አንዱ ይሞታል። ለተረፈውም የቆይታው ቀን ይረዝማል፣ ወጪው ይጨምራል፣ አስታማሚው ከሥራው ይቀራል፤ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛም አልጋ ያጣል።

ዋነኛው መግቢያ በር ቱቦ ነው። የሽንት ቱቦ (ሽንት ለማስወጣት ወደ ፊኛ የሚገባው ካቴተር) ከገባ በኋላ በእያንዳንዱ ቀን ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ተህዋሲያኑ በቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ስለሚሠሩ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስባቸውም። ችግሩን የሚያባብሱት ስህተቶች የታወቁ ናቸው፦ ሕመምተኛው ሲዘዋወር የሽንት ከረጢቱን ከፊኛው ከፍታ በላይ ማንሳት፣ ከረጢቱን ወለል ላይ ማስቀመጥ፣ መጋጠሚያውን ያለ ምክንያት መክፈት፣ በአንድ ማጠራቀሚያ ዕቃ የብዙ ሰው ከረጢት ማፍሰስ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቱቦው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ማንም ሳያስታውሰው መቆየቱ ነው። በየጠዋቱ ጉብኝት «ይህ ቱቦ ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልስ ከሌለ ይውጣ። ነርሷ ሐኪም እስኪመጣ ሳትጠብቅ እንድታወጣው የሚፈቅድ የጽሑፍ መመሪያ ቢኖር ብዙ ቀናት ይተርፋሉ። በደም ሥር የገባ ካኑላም (መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) እንዲሁ በየፈረቃው ይታይ፤ ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመ መነሳት አለበት።

ቀጥሎ እጅ ነው። የአልኮል ማሻሻ ጠርሙሱ መገኘት ያለበት በክፍሉ በር ላይ ብቻ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ነው፤ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ወደ በር የሚመላለስ ሠራተኛ የለምና። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውሃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ጓንት የእጅ ንጽሕናን አይተካም፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም እጅ ይበከላል። ተቅማጥ በያዘው ሕመምተኛ ዘንድ ሳሙናና ውሃ ይመረጣል፤ ተቅማጥ የሚያመጣውን ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ ዘር (ስፖር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የባክቴሪያው ቅርጽ) አልኮል አይገድለውም።

ማሻሻው በሆስፒታሉ ውስጥም ይዘጋጃል። ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እና 145 ሚሊ ሊትር 98 በመቶ ግሊሰሮል ተለክቶ፣ ቀሪው ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ ይሞላል። ከዚያ 72 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል፤ ፐርኦክሳይዱ በአልኮሉ ወይም በጠርሙሱ ውስጥ ያሉትን የባክቴሪያ ዘሮች የሚያጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ኢታኖል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሥራው ከእሳት ርቆ ይሠራ።

በበረኪና አጠቃቀምም ብዙ ይባክናል። 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠብጡት 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ለፈሰሰ ደም የሚያስፈልገው ይህ ነው። ደሙ መጀመሪያ ተጠርጎ ካልተነሳ ግን ክሎሪኑ በደሙ ላይ ያልቅና ተህዋሲያኑ ይተርፋሉ። ክዳን በሌለው ባልዲ ፀሐይ ላይ የዋለ ብጥብጥም ኃይሉን ያጣል፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ወደ አልጋ ጉዳይ እንመለስ። የኩፍኝ ቫይረስ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ የሚያሳልና ሽፍታ ያለበት ሰው ከመጠበቂያ ክፍሉ ሳይደርስ በመግቢያው ላይ መለየት አለበት። አንድ ተጠርጣሪ ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ከገባ ሌሎቹ አምስት አልጋዎች አዲስ ሰው መቀበል ሊያቆሙ ይችላሉ። የተለየ ክፍል ከሌለ ቢያንስ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ መስኮቶች ተከፍተው አየር ይንሸራሸር፤ ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣው በር ይዘጋ።

ዝግጅት ክፍላችሁ ሆስፒታሎችን ስለ አልጋ ብዛት ሲጠይቅ ስለ ማሻሻውም ይጠይቅልን። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 የታካሚ ቀናት (አንድ ሰው አንድ ቀን ሲተኛ አንድ የታካሚ ቀን ይባላል) 20 ሊትር ማሻሻ እንደ መነሻ ያስቀምጣል፤ 50 ሰው ለተኛበት ክፍል በቀን አንድ ሊትር ማለት ነው። ከዚህ ጋር በየ1,000 የካቴተር ቀናት ስንት የሽንት ኢንፌክሽን እንደተመዘገበ በየሦስት ወሩ ይፋ ቢደረግ ሕዝቡም፣ በጀት የሚመድበውም አካል ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ያያል።

ከአክብሮት ጋር፣
በኢንፌክሽን መከላከል ሥራ ላይ የተሰማራን የጤና ባለሙያዎች