ሐይቁስ ያምራል፣ ግድቡን ማን አየው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በመዝናኛ ዓምዳችሁ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያላቸውን ቦታዎች ደጋግማችሁ ታስተዋውቃላችሁ። ስለ ጀልባው፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሰርግ ፎቶው ይጻፋል። ሐይቁን ይዞ ስላቆመው ግድብ ግን እስካሁን አንዲት መስመር አላነበብኩም። ብዙው ጎብኚ እኮ ግድብ ላይ መቆሙን እንኳ አያውቅም። ሣር የለበሰ ጉብታ ነው የሚመስለው። የእኔ ሥራ ከአፈርና ከውሃ ጋር ስለሆነ እንዲህ ያለ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፤ አብረውኝ የሚሄዱት በዚህ ጠባዬ ተሰላችተዋል።

የምለው ይህን ነው። ለመዝናኛ የሚያዝ ትንሽ የግል የአፈር ግድብ የራሱ የሆነ አደጋ አለው፣ ምክንያቱም ሐይቁን የሚያሳምረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ግድቡን ይጎዳል።

የመስኖ ግድብ በየዓመቱ ይጎድላል። ውሃው ወደ እርሻ ሲሄድ የውስጥ ፊቱ ይገለጣል፤ የተሰነጠቀ ወይም የተናደ ካለ በዓይን ይታያል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጎርፉን የሚቀበልበት ባዶ ቦታ አለው። የመዝናኛ ሐይቅ ግን ከጎደለ ጭቃው ይወጣል፣ ይሸታል፣ ጀልባው መሬት ይነካል፣ እንግዳ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ ጢም አድርጎ ይይዘዋል። ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ሐይቁ ቀድሞ ሞልቷል ማለት ነው፣ ከላይ የሚመጣው ውሃም በሙሉ በማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ በሚወጣበት ቦይ፣ በኩል መውጣት አለበት።

ይኼ ማስተንፈሻ ደግሞ ፈተናው ብዙ ነው። ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ ሽቦ ይወጠርበታል። በጎርፍ ቀን ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ፕላስቲኩ እዚያ ሽቦ ላይ ተጠራቅሞ ይደፍነዋል። ሌላው ባለቤት ሐይቁ ሰፋ እንዲል ብሎ ማስተንፈሻው አፍ ላይ ሣንቃ ይደረድራል። ሌላው ቦዩ መልክ የለውም ብሎ አፈር ሞልቶ አትክልት ይተክልበታል። ለዓመታት ምንም አይሆንም። ባለቤቱም ልክ የሠራ ይመስለዋል።

ፈጠራ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ልጥቀስ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ቁመቱ 22 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ የሚባል አይደለም። ባለቤቱ ግን የሀብታሞች የዓሣ ማስገርና የአደን ክለብ ነበር፤ የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ ሳይቀር አባሉ ነበር። ከግድቡ ሥር የነበሩትን የውሃ ማስወጫ ቱቦዎች ከክለቡ በፊት የነበረው ባለቤት ነቅሎ ሸጧቸው ነበር፤ ክለቡ መልሶ አልተካቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረጉ። ግንቦት 31 ቀን 1889 ከብዙ ዝናብ በኋላ ውሃው በአናቱ ላይ ፈሰሰና ግድቡ ሄደ። ከታች ባለችው ጆንስታውን ከተማና አካባቢዋ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። እዚያ ሐይቅ ላይ በጀልባ የተዝናና ሌላ፣ የሞተው ሌላ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«የእኔ እኮ ትንሽ ናት» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እስቲ እናስላው። 200 ሜትር ርዝመት፣ 100 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 3 ሜትር ጥልቀት ያላት ሐይቅ 60,000 ሜትር ኩብ ውሃ ትይዛለች። አንዱ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ነው። ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ቢፈስ ችግር የለውም፤ ግድብ ሲሰበር ግን ቀስ የሚባል ነገር የለም። እዚያው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ድሮ መብራት ያመነጭ ነበር፣ ከ1957 በኋላ ግን ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። ኅዳር 6 ቀን 1977 ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ተሰብሮ ከሥሩ ካለው ኮሌጅ ግቢ 39 ሰው ገደለ። በ1973 በተነሣ ፎቶ ላይ የግድቡ የኋላ ፊት ተንሸራቶ ይታይ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ! አቅራቢያችን ኬንያ፣ ሶላይ ላይም በ2018 በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ ግድብ እንዲሁ በምሽት ተሰብሮ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል።

የአፈር ግድብ በብዛት የሚፈርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ውሃ በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው። ኮንክሪት ይህን ሊችለው ይችላል፣ አፈር ግን አይችልም፤ ውሃው የኋላውን ፊት ከግርጌው ጀምሮ እየበላ ወደ አናቱ ይመጣል። እዚህ ላይ የመዝናኛ ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። እንግዳው በግድቡ አናት ላይ ይንሸራሸራል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ አንዳንዱም መኪና ያሳልፋል። መተላለፊያው በእግርና በጎማ ብዛት ዓመት ከዓመት እየሰመጠ ይሄዳል፣ በተለይ መሐሉ ላይ። አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ ያለ ቦታ ካለ የጎርፉ ውሃ በሙሉ ተሰብስቦ የሚያልፈው በዚያች ስንዝር ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከዝናብ በኋላ አናቱ ላይ ኩሬ የሚሠራው የት ጋ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው ከውስጥ ነው፤ ለእኔ የሚያስፈራው እሱ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ትንሽ ያሰርጋል፤ ይህ በራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ የሚሰርገው ውሃ አፈር ይዞ መውጣት የጀመረ ዕለት ነው። ከመውጫው ጀምሮ ደቃቁን አፈር እየጠረገ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ቧንቧ የመሰለ ቀዳዳ ይሠራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። በጣም የሚወደው ቦታ የማስወጫ ቱቦው ዙሪያ ነው፤ ምክንያቱም ቱቦ ጥግ ላይ አፈር በደንብ ጠቅጥቆ መሙላት አስቸጋሪ ነው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ግድብ ቱቦውን የከበበ የአሸዋ ማጣሪያ አለው፤ አሸዋው ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ይይዛል። በርካሽ የተሠራው የለውም። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ፣ የደረቀ የዛፍ ሥር፣ እነዚህም ለውሃ የተዘጋጁ መንገዶች ናቸው።

እንዴት ይታወቃል? በደረቅ ወር ከግድቡ ጀርባ፣ ግርጌው አካባቢ ይኬዳል። ሌላው ሣር ቢጫ ሆኖ አንዲት ቦታ ብቻ ለምለም ከሆነች፣ መሬቷም ጫማ የምትውጥ ከሆነች፣ እዚያ ስርገት አለ። የሚወጣውን ውሃ በነጭ ጠርሙስ ቀድቶ ትንሽ ማቆየት ነው። ጥርት ብሎ ከቆየ ቦታውን ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ መከታተል፣ መጠኑ ሲጨምርም ባለሙያ ማሳየት። ከታች አፈር ከዘቀጠ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን ባለሙያ መጠራት፣ ከታች ያለውም ሰው መነገር አለበት። አንዳንዱ ባለቤት ያችን እርጥብ ቦታ በሸክላ አፈር ለመድፈን ይሮጣል። እንዲህ ማድረግ ውሃውን ሌላ መውጫ እንዲፈልግ መግፋት ነው። ደንግጦ ሐይቁን በአንድ ቀን ማንጠፍም ደግ አይደለም፤ ውሃ የጠገበው የውስጥ ፊት ድጋፉን በድንገት ሲያጣ ይናዳል። ምን ያህል በምን ፍጥነት ይቀነስ የሚለውን ባለሙያው ይወስን።

ዛፍን በተመለከተ፣ አውቃለሁ፣ ጥላ የሌለው መዝናኛ ማንም አይወድም። ዛፉ ከግድቡ ራቅ ብሎ ይተከል። ግድቡ ላይ አጭር ሣር ይበቃዋል። አሁን ትልቅ ሆኖ የቆመ ዛፍ ካለ ግን ነገ ጠዋት መጥረቢያ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ግንዱ ተቆርጦ ሥሩ ውስጥ ሲበሰብስ ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። ሥሩ ተነቅሎ ጉድጓዱ በተገቢው አፈር እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት፣ ይህም በባለሙያ ነው።

ስለ ሕግ ብዙ አልልም። እንግሊዝ አገር ከ25,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ከመሬት በላይ የሚይዝ ግድብ የግልም ይሁን የመንግሥት ይመዘገባል። ቢሰበር ሕይወት ያጠፋል ከተባለ ደግሞ መሐንዲስ በየጊዜው ይፈትሸዋል። ዌልስ ይህን መጠን በ2016 ወደ 10,000 አወረደችው። እኔ እንዲያውም ከመጠኑ ይልቅ ከሥሩ ማን አለ የሚለው ይቀድማል ባይ ነኝ። ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ትልቅ ኩሬና ከመንደር በላይ ያለ ትንሽ ኩሬ አንድ አይደሉም። ደግሞ ግድቡ ሲሠራ ከታች ማንም አልነበረም ይሆናል፤ ዛሬ ግን ቤት ተሠርቷል፣ ልጆች ተወልደዋል። ቦታው ሲሸጥም ገዢው ስለ ሐይቁ ውበት ይነገረዋል እንጂ ቱቦው የት እንደተቀበረ የሚነግረው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1982 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሎውን ሌክ የተባለ የአፈር ግድብ በቱቦው በኩል በገባ ውሃ ተሰብሮ ሦስት ሰው ሞቷል። ሟቾቹ ከዚያ ያልበዙበት አንዱ ምክንያት በማለዳ ቆሻሻ ሊሰበስብ የመጣ ሠራተኛ የጎርፉን ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ስልክ መደወሉ ነው። እሱ የሚደውልበት ስልክ ነበረው፣ የሚሰማውም ሰው ነበር። እናንተ በጋዜጣችሁ ላይ በምታስተዋውቋቸው ቦታዎች የሌሊት ዘበኛው ውሃው ሲደፈርስ ቢያይ ለማን ነው የሚደውለው? ከታች ያሉትን ቤቶች ስልክ ያውቃል? ጋዜጠኛችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን ዘበኛውን ይህን ይጠይቅልኝና መልሱን እንዳለ አትሙት።

የዘወትር አንባቢያችሁ