ለተዘጋው ፍሳሽ ማጣሪያ ባለቤት ይፈለግለት

ግልጽ ደብዳቤ
ጉዳዩ ለሚመለከተው የውሃና ፍሳሽ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም። ለዛሬ ግን እርስዎ እያልኩ ልቀጥል።

የምጽፍልዎ ከከተማው ወጣ ብሎ በገጠር ቀበሌያችን ስላለው፣ ሥራ ስላቆመው አነስተኛ ፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ፓምፑ ተነቅሎ ሄዷል። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ አጥሩ ግን ከኋላ ተቀዶ ፍየልም ልጅም ይገባበታል።

ዝቃጭ ይደርቅበት በነበረው መደብ ላይ ቲማቲም በቅሏል። የዘራው የለም። የቲማቲም ፍሬ ከሰው ሆድ ወጥቶ፣ ማጣሪያውንም አልፎ ይበቅላል። ቀይ፣ የሚያምር ቲማቲም ነው፤ ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል። ዝቃጩን በከረጢት እየሞሉ ወደ ማሽላ ማሳቸው የሚወስዱም አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ማዳበሪያ ስንት እንደገባ እርስዎም ያውቁታል። ግን የወስፋት እንቁላል ዝቃጭ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በባዶ እጁ ለሚዝቀው ገበሬ ይህን ማን ነገረው?

ገንዳዎቹ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይሞላሉ። በ2014 ዓ.ም. በበጋ ወባ ድሬዳዋን ሲያምስ ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ያያያዙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባል፣ ከእስያ ከመጣች ትንኝ ጋር ነው። ይህቺ ትንኝ የግድ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። የዝናብ ውሃ የያዘ የኮንክሪት ገንዳማ ለእሷ ቪላ ነው። ቤት ለቤት እየዞራችሁ በርሜላችሁን ክደኑ ስትሉን እሺ ብለናል። የመንግሥትን ገንዳ ማን ይክደን?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ከሥር ያለው ነው። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የደቻቱ ወንዝማ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ከማጣሪያው ዝቅ ብሎ ያለው ጉድጓድ ላይ ጠዋት ጠዋት ቢጫ ጀሪካን ይሰለፋል። ከፍሳሽ የሚመጣ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ወደዚያ ቢሰርግ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፤ ማፍላትም አያስወግደውም። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይበልጥ የሚጎዳው በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ነው።

በየቢሮው ጠይቀናል። አንዱ “ርክክብ አልተደረገም” ይላል፣ ሌላው “እኛን አይመለከትም”። እሺ፣ ርክክቡ እስኪያልቅ ትንኟ አትጠብቅም አቦ!

የምንለምነው አዲስ ማጣሪያ አይደለም። ቦቴ ተልኮ ገንዳዎቹ ይመጠጡ፤ ከዚያ ይደፈኑ፣ ወይም ውሃ እንዳይቋጥሩ ይበሱ። ዝቃጩ በሚያውቅ ሰው ተነስቶ ይወገድ። አጥሩ እስከዚያው ይጠገን፤ ይሄ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ይመርመር። ውጤቱም በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጥሩም ይሁን መጥፎ።

ግልባጩን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አስገብቻለሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኔ ፍርድ ቤት መመላለሱን አልፈልገውም፤ እርስዎም የሚፈልጉት አይመስለኝም። ቦቴው የሚመጣበትን ቀን ብቻ ያሳውቁን፤ መንገድ የሚያሳይ ሰው እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር
የቀበሌው ነዋሪ